ለአየሁሽ ዓይን የተቀጠለች ክፍል

ፈረደ ሥራ ፈትቶ መዋል ያመዋል። የወገራ ሰው ነው፤ ከደጋ ወርዶ መተማ ላይ አናጢነት ከያዘ ሃያ ዓመት አልፎታል። ጣሊያን በገባ በሁለተኛው ዓመት ግን ያቅበጠበጠው የሚስቱ የአየሁሽ ዓይን ነበር። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ እየፈዘዘ ሄዷል። ደጅ ስትወጣ የቆላው ፀሐይ ያጭበረብራታል፤ ቤት ስትገባ ጨለማው ይውጣታል። በስፌቷ አገር ያወቃት ሴት፣ ቀዩን አለላ ከነጩ መለየት አቃታት።

ቤቱ የአባቷ ነው፤ በድርቡሽ ጊዜ ከተማው ሲነድ የተረፈ፣ መስኮት የሌለው ክብ የድንጋይ ቤት። መስኮት ልክፈትበት ቢላት እንቢ አለች።

"የአባቴ እጅ ያረፈበትን ድንጋይ አይንኩብኝ።"

ፈረደ ለጣሊያኖች መዝጊያ ሲሠራ ሰፋፊ መስኮት አይቷል። ከአሮጌው ቤት አንድ ድንጋይ ሳይነቅል፣ ከጓሮው በር አንዲት ክፍል ሊቀጥል ቆረጠ። አመድ በትኖ መሬት ላይ ሳላት፤ አጠፋት፤ እንደገና ሳላት። ዓይኗ ጨርሶ ሳይጠፋ ልድረስ እያለ በአንድ ወር አቆማት። እንደ ደጋው አገሩ ልማድ የጠዋት ፀሐይ ትግባ ብሎ ሁለት ትልልቅ መስኮቶች ወደ ምሥራቅ አወጣላት።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ክፍሏ ምድጃ ሆነች፤ አለላው ደርቆ እጇ ላይ ይሰባበር ጀመር። አየሁሽ ስፌቷን ይዛ ወደ ጨለማው ተመለሰች። ፈረደ አፈረ፤ ከማፈሩ ይልቅ ግን ፈራ። ጊዜው እያለቀበት ነው።

ጎረቤቱ ነጋዴው ዓሊ መጥቶ መስኮቶቹን አየና ራሱን ነቀነቀ።

"ወላሂ ፈረደ፣ ይህች የወገራ ፀሐይ አይደለችም። እዚህ ጀርባ ነው የምትሰጣት።"

ፈረደ ያኔውኑ ጭቃ አቡክቶ ሁለቱን መስኮቶች ደፈነ። ሳምንት ሙሉ እህል በወጉ ሳይቀምስ፣ በሰሜን በኩል ጣሪያውን ከግድግዳው አንድ ክንድ አንሥቶ ክፍት ተወው፤ ውስጡንም በነጭ አፈር ለቀለቀው። ብርሃኑ ገባ፤ ፀሐይዋ ውጭ ቀረች።

አየሁሽን እጇን ይዞ አስገባት። ተቀምጣ አለላውን አነሣች፤ ቀዩን ለብቻ፣ ነጩን ለብቻ አደረገች። እሱ በሩ ላይ ቆሞ ይቁነጠነጣል። ቀና ብላ ፊቱን ረጅም ጊዜ አየችው።

"መቼ ነው እንዲህ የሸበቱት?" አለችው።

"ከሸበትኩ ሦስት ዓመት አለፈኝ" አላት።