የሂባቅ ማሽን እንግዳ አያስገባም

ሐርጌሳ ውስጥ ልጁን የሚድር ሰው ከአዳራሹ በፊት ሂባቅን ነው የሚይዘው። ሂባቅ የሴቶቹን ድግስ የምትቀርጽ ሴት ናት። ሴቶቹ ሻሻቸውን ጥለው፣ ፀጉራቸውን ለቀው፣ በስስ ዲራክ ቀሚስ ከበሮ እየመቱ ሲጨፍሩ ካሜራ ይዛ መሀላቸው የምትገባው እሷ ብቻ ናት። በሩ ላይ ትቆምና የእንግዳውን ሁሉ ስልክ በሳፋ ትሰበስባለች። የባለሥልጣን ሚስትም ትሁን ወተት ሻጭ፣ ስልኳን ሳፋው ውስጥ ሳታስቀምጥ የምታልፍ የለችም። አንዷ በቀደም «እኔን ነው የምትጠረጥሪው?» ብላ ብትቆጣት፣ «አንቺንማ አምንሻለሁ እህቴ፤ ስልክሽን ነው የማላውቀው» አለቻት።

ድሮ ፀጉር ሠሪ ነበረች። ካሜራውን እህቷ ከዱባይ ስታመጣላት ያመናት ሰው አልነበረም። ቀስ በቀስ ግን አመኗት፤ አምነው አምነው ሙሽሮቹ ፊልማቸውን ወደ ቤት መውሰድ እስከመተው ደረሱ። «አንቺው ጋ ይቀመጥልኝ፤ እኔ ቤት የባሌ ወንድሞች አሉ፣ ማን ምኑን እንደሚነካካ በምን አውቃለሁ» ትላለች አንዷ። ሌላዋም እንደዚያው። እንዲህ እያለ የከተማው ሙሽራ ሁሉ ሂባቅ ቤት፣ ከመጋረጃው ጀርባ፣ አንድ ኮምፒውተር ውስጥ ገብቶ አረፈ። ሌላ ቅጂ የሚባል ነገር የለም። ቅጂ አለ ተብሎ ቢወራማ የሂባቅ እንጀራ ያኔውኑ አብቅቶለት ነበር።

እናም ያ ኮምፒውተር ውስጥ ያለው ዲስክ አንድ ቀን ማንኳኳት ጀመረ። ቋ ይላል፣ ዝም ይላል፣ ደግሞ ቋ ይላል። ሂባቅ ነገሩ ወዲያው ገባት፤ ሊሞት የደረሰ ዲስክ ነው እንዲህ የሚያደርገው።

በዚያው ሰሞን ሰገል መጣች። ሰገል ከዝናቡ በፊት የተዳረች ልጅ ናት። በሰርጓ ላይ እናቷ ኡባህ መሀል ገብታ፣ በግጥም ልጇን እያሞገሰች፣ ሴቶች በሰርግ የሚጨፍሩትን ቡራንቡር ጨፍራ አዳራሹን አናውጣው ነበር። ከዚያ ብዙም አልቆየች፤ ታመመችና ሞተች። ኡባህ ፎቶ መነሣት የማትወድ ሴት ስለነበረች፣ መታወቂያዋ ላይ ካለው ኮስታራ ፊት በቀር የተረፈ ምስል የላትም። የቀረው ያ ሰርግ ብቻ ነው።

«ኤዶ ሂባቅ» አለች ሰገል፣ ታላላቅ ሴቶችን ሁሉ እንደምትጠራው፣ «የእናቴ ድምፅ እየጠፋኝ ነው። ፀጥ ብዬ ለማስታወስ እሞክራለሁ፣ አይመጣልኝም።»

ሂባቅ ዲስኩ እያንኳኳ መሆኑን ልትነግራት አፏ ላይ ደርሶ ተመለሰ። ከዚያ ግን ዋሽታ ማደር አልሆንላት አለና ነገረቻት። በማግስቱ ሁለቱ ገበያ ወጥተው ትልቅ አዲስ ዲስክ ገዙ። ሂባቅ ኮምፒውተሯን አጥፍታ፣ ጎኑን ፈትታ፣ አዲሱን ከአሮጌው አጠገብ አሰረችው። መልሳ ስታበራ አሮጌው ሲያንኳኳ ቆይቶ እንደምንም ተነሣ። አዲሱ ግን የለም። ማሽኑ ጭራሽ አላየውም።

«ለጉሌድ ደሬ ላኪለት» ይላል ሰው ሁሉ። ጉሌድ የገበያው ኮምፒውተር ጠጋኝ ነው፤ ረጅም ስለሆነ ነው ደሬ የሚሉት። ደግሞ የሟቿ የኡባህ ወንድም፣ የሰገል አጎት ነው። ሂባቅ ግን «ማሽኔ ወንድ እጅ አይገባም» አለች።

«እንግዲያው እኔ እመጣለሁ» አላት በስልክ።

«አንተም አትገባም።»

«እና ጣሪያ ላይ ልውጣልሽ?»

መጨረሻ ላይ ተስማሙ። ጉሌድ ከቀትሩ የዙሁር ሶላት በኋላ መጥቶ በረንዳው ላይ የፕላስቲክ ወንበር ዘረጋ፤ ጀርባውን ለመጋረጃው፣ ፊቱን ለመንገዱ ሰጥቶ ተቀመጠ። የሚያልፈው ሁሉ «ጉሌድ፣ ቅጣት ላይ ነህ?» ይለዋል። እሱ ሻዩን ይጠጣል። ከውስጥ ሂባቅ ወለሉ ላይ ተንበርክካለች፣ ሰገል የስልክ መብራት ይዛላታለች።

«ዲስኩ ላይ እጅሽን አሳርፊ» አለ ጉሌድ። «ይርገበገባል?»

«ይርገበገባል።»

«መብራቱ ደርሶታል ማለት ነው። ሌላኛውን ገመድ፣ ቀጭኑን ቀይሪው።»

ቀየረችው። ገመድ ለመቀየር ማሽኑ መጥፋት አለበት፤ በጠፋ ቁጥር ደግሞ አሮጌው ዲስክ ዳግም ይነሣ አይነሣ የሚያውቀው አላህ ብቻ ነው። ሲበራ ሰገል ዓይኗን ጨፈነች። ቋ አለ። ቆየ። ቋ አለና ተነሣ። አዲሱ አሁንም የለም።

«ቦታ ቀይሪለት፣ ሌላ መሰኪያ ላይ አድርጊው።» ቀየረች። የለም። እንደገና ቀየረች። የለም።

ጉሌድ ተነፈሰ። «ሂባቅ፣ ዲስኩ የሞተ ሆኖ ነው የተሸጠልሽ። መልሺውና ሌላ ያምጡልሽ።»

«ሌላው እስኪመጣ ይኼ ሽማግሌ ይጠብቀኛል?» አለች ሂባቅ፣ ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ እየገባ። ከዚያ ማሽኑን ታየው ጀመር። «ቆይ። ሽማግሌውን ነቅዬ አዲሱን እሱ መሰኪያ ላይ ብሰካውስ?»

«እሱን እኔም ልነግርሽ ነበር።»

«አዎ፣ ነገርከኝ እንግዲህ።»

ሰካችና አበራች። ማሽኑ ገና ሲነሣ በሚመጣው የማስተካከያ ገጽ ላይ አዲሱ ዲስክ ስሙን አስጽፎ ቁጭ ብሏል። ሰገል ሂባቅን ትከሻዋ ላይ ያዘቻት።

«አየው!» አለች ሂባቅ። «ዲስኩ ደህና ነው። የኔዎቹ ትርፍ መሰኪያዎች ናቸው የማይሠሩት።»

«ሁሉም በአንድ ላይ?» አለ ጉሌድ። «እንዴት ይሆናል?»

ሂባቅ ብሎን መፍቻውን እንደያዘች ቀረች። አንድ የቆየ ነገር ትዝ አላት።

«ጉሌድ፣ ይኼን ማሽን የሸጥክልኝ ዕለት ምን ነበር ያልኩህ?»

«ዋጋ ቀንስ ነዋ።»

«ከዚያ በኋላ።»

በረንዳው ላይ ወንበሩ ሲንቋቋ ተሰማ። «ወላሂ» አለ ጉሌድ። «‹ሌባ መጥቶ ፊልም ሊገለብጥ የራሱን ዲስክ ቢሰካበት ማሽኑ እንዳያየው፣ ትርፍ ቀዳዳውን ሁሉ ዝጋልኝ› አልሽኝ። ያን ጊዜ ማሽኑ ባዶ ስለነበር እኔው ራሴ ዘጋሁልሽ።»

«እና ረሳኸው?»

«አንቺስ?»

ሰገል ከእናቷ ለቅሶ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከት ብላ ሳቀች። ማሽኑ አልታመመም ለካ፤ እንግዳ አታስገባ የተባለውን ሲጠብቅ ኖሯል። ሂባቅ በራሷ ተናደደች፣ ደግሞ በማሽኗ ኮራች፤ የቱ እንደሚበልጥ ለራሷም አልታወቃት።

በማስተካከያው ገጽ ላይ መሰኪያዎቹ ተደርድረዋል፤ የአሮጌው ብቻ ክፍት፣ ቀሪዎቹ ዝግ። «ሁሉንም ክፈቺና ገላግዪኝ» አለ ጉሌድ። እሷ አንዱን ብቻ ከፈተች። አጥፍታ አሮጌውን ወደ ቦታው፣ አዲሱን ወደ ተከፈተለት መሰኪያ መለሰች። ስታበራ አሮጌው አንኳኳ፣ አንኳኳ፣ እንደገና አንኳኳ። ሰገል ከንፈሯን ነከሰች። ተነሣ።

የዲስኮቹ ሠንጠረዥ ሲከፈት ግን አዲሱ አሁንም አይታይም።

«እንዳትደነግጪ» አለ ጉሌድ። «አዲስ ስለሆነ አልተዘጋጀም። ዲስክ ማዘጋጃውን ክፈቺ፤ ስም የሌለው፣ ከሁሉ ትልቁ እሱ ነው። እሱን አዘጋጂና ስም ስጪው። ተሳስተሽ አሮጌውን ብትነኪ ግን…»

«ጨርሰህ እንዳትናገር።»

መጠኑን ጮክ ብላ አነበበች። ሰገልም አነበበች። ሂባቅ እጇን በቀሚሷ ጠረገችና እንደገና አነበበች። «ቢስሚላህ» አለችና ተጫነችው።

አዲሱ ዲስክ ብቅ አለ። ሰፊ፣ ባዶ፣ ንጹሕ።

ሂባቅ ሳታስበው እልልታዋን አቀለጠችው። ከግንቡ ማዶ ጎረቤቷ «ማን ተዳረ?» ብላ ጮኸች። «ዲስክ!» አለች ሂባቅ። ጎረቤትየዋ ነገሩ ባይገባትም እልል ብላ መለሰችላት።

ከሁሉ አስቀድማ የኡባህን አሻገረች። መስመሩ ቀስ እያለ ሲሞላ ሁለቱም አልተነፈሱም። ሲያልቅ ከአዲሱ ዲስክ ላይ ከፈተችው። ከበሮው ተመታ፣ የኡባህ ድምፅ ግጥሙን ይዞ ወጣ፣ ሰገልም ስክሪኑን በሁለት እጇ ይዛ «እሷ ናት፣ እሷ ናት» ትል ጀመር።

በረንዳው ላይ ጉሌድ ከወንበሩ ተነሣ። «ልሂድ እኔ» አለ። ድምፁ የራሱ አልመሰለም።

«ተቀመጥ» አለችው ሂባቅ።

ፊልሙን ወደፊት ወሰደችው። ሴቶች፣ ሴቶች፣ የተለቀቀ ፀጉር፣ የሰው አደራ። ቀጠለች። በመጨረሻ ሁሉም ከመሀል ወጥተው ቦታውን ለኡባህና ለልጇ የለቀቁበት ጋ ደረሰች፤ ምስሉ ውስጥ እናትና ልጅ ብቻ። ሂባቅ የራሷን ሻሽ አጥብቃ አሰረችና መጋረጃውን ገለጠች።

«ግባ።»

«እኔ? እዚህ?»

«ለእህትህ ፀጉር ባዳ አይደለህም። ግባ እንጂ፣ ጣቴ ማቆሚያው ላይ ነው።»

ደሬ ጎንበስ ብሎ ገባ። ኡባህ ሽበት የጀመረ ፀጉሯን እየወዘወዘች ስትጨፍር አያት። «አሁንም ከከበሮው ትቀድማለች» አለ በመጨረሻ፣ እንባው እየወረደ። «ከልጅነቷ ጀምሮ እንዲህ ናት። ስንቴ ነግሬያታለሁ።»

ሌሎቹ ሴቶች ወደ መሀል ሊመለሱ ሲሉ ሂባቅ አቆመችው።

«ድገሚልኝ» አላት።

ወደ ኋላ መለሰችና እንደገና ከፈተችው።