የጋሽ ተካ ቬንትሌተሮች

ግንቦት 2016 ዓ.ም. ነበር፤ ክረምቱ ሊገባ ጥቂት የቀረው፣ ሙቀቱ የሚያፍንበት ጊዜ። ለግንቦት ማርያም ከልጄ ከማርታ ጋር ወደ ደሴቲቱ ገዳም ልንሻገር ዝዋይ ሐይቅ ላይ ጀልባ ተሳፈርን። የጀልባዋ ቤት ዝቅ ያለ ነው፤ ሰው ጎንበስ ብሎ ነው የሚገባው። ውስጡ ናፍጣና እርጥብ ገመድ ይሸታል። ጀልባ ነጂው፣ ልጅ እግር ነው፣ አንድ ማብሪያ ተጫነ። ድምፅ ማጉያው መዝሙር ጀመረ፤ አብረውም ከራሳችን በላይ ያሉ ሁለት ትንንሽ ቬንትሌተሮች ተንቀጫቅጨው መዞር ያዙ። የሞተራቸው አቧራ ሲግል የተቃጠለ ጎማ የሚመስል ሽታ ወረደብን። ቀና ብዬ አየሁ። በጥቁር ናስትሮ የተጠቀለለው ገመዳቸው ከድምፅ ማጉያው ገመድ ላይ ተቀጥሏል።

ሽታውን አወቅሁት። የጋሽ ተካ ሱቅ ሽታ ነው።

ጋሽ ተካ በልጅነቴ የጌጃ ሰፈር መብራት ሠሪ ነበር። ሱቁ ከግቢያችን በር ጎን ነበረች፤ እሱ ከገባ ደንበኛው ውጭ ይቆማል። ካውያ፣ ቴፕ፣ የኤሌክትሪክ ምድጃ ይጠግናል። ካቻቢቴው ጆሮው ላይ፣ ናስትሮው እንደ አምባር ክንዱ ላይ ነው። ሬዲዮ ካልተከፈተ እጁ አይሠራም። ጣቢያው ጠፍቶ መንሿሿት ብቻ ቢቀር እንኳ አይዘጋውም፤ በዚያው ይሠራል።

አዲስ መስመር መዘርጋት አይወድም ነበር። «ካለው ላይ ነው የምንቀጥለው» ይላል። ገመድ ማባከን ለእሱ ዳቦ መሬት ላይ ከመጣል እኩል ነው። በዚህ የተነሣ በግቢያችን ለብቻው የሚያበራ ሰው አልነበረም። የእማማ ብርነሽ አምፖል የሚበራው የእኛ ሲበራ ነው፤ ጫማቸው ሲጠፋቸው ግድግዳውን ያንኳኳሉ፣ እናቴም ታበራላቸዋለች። የሽንት ቤቱ መብራት ደግሞ ከራሱ ከጋሽ ተካ ሳሎን ጋር ነበር። በግቢው ውስጥ አንድ ሰው በጆግ ውኃ ይዞ ሲያልፍ ካየ፣ እራቱን እየበላም ቢሆን ሳይጠራ ተነሥቶ ያበራል። ጎረቤት ተኳርፎ ማደር አይችልም ነበር፤ ጨለማው ራሱ ያስታርቀናል።

ባለቤቱ እትዬ ደስታ ደልደል ያለች፣ ልብስ ስታጥብ መዝሙር የምታንጎራጉር ሴት ነበረች። በየዓመቱ ለግንቦት ማርያም ወደዚያች ደሴት መሄድ ስለቷ ነው። ጋሽ ተካ ውኃ ስለሚፈራ ከአውቶቡሱ በር ላይ ይሸኛታል። አንድ ዓመት ግን ጀልባዋ ውስጥ በሙቀቱ ራሷን ስታ ሳትደርስ መለሷት። የጉዞው ማኅበር ሰዎችም ከእንግዲህ እቤትሽ ሆነሽ ጸልዪ አሏት፤ በፍቅር ነው ያሉት። እሷ አላለቀሰችም። ልብስ ስታጥብ ማንጎራጎሯን ብቻ ተወች። ጋሽ ተካ ሬዲዮውን ከፍ አደረገ፤ የእሷን ጸጥታ አልሸፈነለትም።

በሚቀጥለው በጋ የጀልባዋ ሆድ ዝጎ ኖሮ በጭነት መኪና ተጭና ለብየዳ መጣች፤ የት ቢሉ ጌጃ ሰፈር፣ የብረት በር ከሚሠራው ጎረቤታችን ደጅ። መንገዱ ተዘጋ። ጀልባ በፊልም እንጂ በአካል ያየ ልጅ በሰፈሩ አልነበረም። እናቶች ጣሪያዋ ላይ በርበሬ አሰጡ። ወደ ልደታ የሚያልፉ አንድ አዛውንት ቄስ ቆመው ከጫፍ እስከ ጫፍ አዩዋትና ረጋ ብለው «ምነው ልጆች፣ ስለ ጥፋት ውኃ የሰማችሁት ነገር አለ?» አሉ።

ጋሽ ተካ የማኅበሩን ሰዎች ለጀልባዋ ቬንትሌተር ልግጠምላት ብሎ ለመነ፤ ስለት ነው ስላላቸው እምቢ ማለት ከበዳቸው። እናቴ ግን ሱቁ ድረስ ሄደች።

«ጋሽ ተካ፣ እኛስ ግድግዳ እያንኳኳን ነው የምናበራው። ውኃ ላይ የማንን ቤት ልናንኳኳ ነው?»

«አታስቢ፤ አዲስ ነገር አልነካም። ካለው ላይ ነው የምቀጥለው።»

«እኔም የፈራሁት እሱን ነው» አለችው።

ከመርካቶ ምናለሽ ተራ የአሮጌ አውቶቡስ ቬንትሌተሮች አምጥቶ፣ ጀልባዋ ውስጥ በርከክ ብሎ ገጠማቸው። ሲሠራ እንደ ልማዱ ነው፤ የራሱን ሬዲዮ ከጀልባዋ ድምፅ ማጉያ ጋር አገናኝቶ ሰፈሩን ሁሉ ዜና አሰማው። ቬንትሌተሮቹ ዞሩ። ሰው ተራ ይዞ እየገባ ነፋስ ተቀበለ፤ እማማ ብርነሽማ አልወርድም ብለው የጀመሩትን ሹራብ እዚያው ሠርተው ጨረሱ። እትዬ ደስታ በሩ ላይ ቆማ አየችው። በማግሥቱ ልብስ ስታጥብ ድምፅዋን ሰማነው። የማኅበሩ ሰዎችም ተስማሙ፤ ዘንድሮ ትሞክር፣ ካልሆነላት ግን የመጨረሻዋ ይሁን አሉ።

የጉዞው ቀን ጋሽ ተካም መጣ። ውኃ ላይ ሲወጣ የመጀመሪያው ነው፤ የሚስቱን ጃንጥላ በሁለት እጁ ይዞ ዓይኑን ጨፈነ። እኔና እናቴ ፊት ለፊታቸው ተቀመጥን። ካሴቱ ይዘምራል፣ ነፋሱ ይነፍሳል፣ የእትዬ ደስታ ነጠላ ይውለበለባል። ሐይቁ መካከል ስንደርስ ዲያቆኑ ትምህርት ሊሰጥ ተነሣና ድምፅ ማጉያውን አጠፋ።

ቬንትሌተሮቹም ቆሙ።

ጋሽ ተካ ዓይኑን ገለጠ። ቬንትሌተሮቹን አየ፤ ማብሪያውን አየ። ጌጃ ሰፈር ድምፅ ማጉያው አንድም ጊዜ ሳይዘጋ ስለሠራ፣ ገመዱን ከማብሪያው ወዲህ መቀጠሉን፣ እሱ ሲዘጋ እነሱም እንደሚቆሙ ለካ አላወቀም ነበር። የእትዬ ደስታ ግንባር በላብ ማብረቅረቅ ጀመረ። እናቴ ወደ ጆሮው ጠጋ ብላ «የማንን ቤት ነው የምናንኳኳው?» አለችው።

ጋሽ ተካ ተነሣ። ጀልባዋ ስትወዛወዝ የሰዉን ትከሻና ራስ እየጨበጠ፣ የአንዷን ሴትዮ ሻሽ አብሮ እየሳበ፣ ዲያቆኑ ጋ ደረሰ።

«መምህር፣ ትምህርቱን ደሴቷ ላይ እንስማ። ይሄ ካልተከፈተ ሚስቴ አትደርስም።»

ዲያቆኑ ነገሩ አልገባውም፤ የጋሽ ተካ ፊት ግን ገብቶት መሆን አለበት፣ ከፈተው። ነፋሱ መጣ። ጥቂት ቆይቶ ካሴቱ አለቀና መንሿሿት ብቻ ቀረ። አንዱ ሊዘጋው እጁን ሲዘረጋ ጋሽ ተካ ማብሪያውን በመዳፉ ከደነ። እሱ እየተንሿሿ ሄድን። በዚያ መንሿሿት ላይ እትዬ ደስታ መዝሙር አነሣች፤ ጀልባዋ ሙሉ ተቀበላት። በእግሯ ወረደች፣ የደሴቲቱን አፈር ሳመች። እሱ ከኋላዋ አፈሩን ሳመ፤ መሬት በማግኘቱ ይመስለኛል።

ስንመለስ ገመዱን እለየዋለሁ ብሎ ነበር። እትዬ ደስታ ናት የከለከለችው። «ተወው፤ እንዲህ ይሻላል» አለችው። ከዚያ በኋላ ጉልበቷ እስኪደክም አንድም ዓመት አልቀረችም።

ይህን እያሰብኩ ሳለ ማርታ ስልክ ልታነጋግር ፈለገችና ጀልባ ነጂውን ልጅ መዝሙሩን እንዲዘጋላት ጠየቀችው።

«እህቴ፣ እሱ ከተዘጋ ነፋሱም የለም» አላት። «ቀለሟ ስንቴ ተቀየረ፣ ሞተሯ ተቀየረ፤ እሱ ግን እንዲሁ ነው። የማርያም ሥራ ነው ይላሉ።»

የማን እጅ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን ልጁም ተሳስቷል ለማለት አልደፈርኩም። ማርታ ለምን እንደምስቅ ጠየቀችኝ። ጎረቤት አግኝቼ ነው አልኳት።

ያ ግቢ ፈርሷል፤ ሁለቱም አርፈዋል። አሁን በምንኖርበት ኮንዶሚኒየም ሁሉም የየራሱ ቆጣሪ አለው። ከግድግዳችን ወዲያ ያለውን ሰው ስም አላውቅም። ስለ ሰጠኝ ሁሉ እግዚአብሔር ይመስገን።

በማግሥቱ ጠዋት ልደታ ሄድኩ። ሁለት ጧፍ ይዤ ነበር። በክብሪት የእትዬ ደስታን ለኮስኩ። ለጋሽ ተካ ሌላ ክብሪት አልጫርኩም፤ ከእሷ ላይ ቀጠልኩለት።