የሐጂ መኪና ፒስተኖች

በልጅነቴ ከአባዬ ጋር ስወጣ ዝም ማለት አይፈቀድልኝም ነበር። እኔ ዝም ካልኩ እሱም ዲዳ ነው። እማዬ እኔን አዝላ ከወሎ ካርቱም የገባችው ቀድማ ነው፤ አባዬ የተከተለን ስምንት ዓመት ሲሞላኝ ነበር። እኔ ዓረብኛውን ከሰፈራችን ከጀሪፍ ልጆች ጋር አፈር ላይ እየተንከባለልኩ ተምሬዋለሁ፤ እሱ ግን ከሰላምታና ከዳቦ መግዣ አላለፈም። እማዬ ካፉሪ የሚባል ሰፈር ሰው ቤት ተቀምጣ ስለምትሠራ የምትመጣው ጁምዓ ጁምዓ ብቻ ነው። ስለዚህ ሱቅም ይሁን ክሊኒክ፣ የትም ሲሄድ እጄን ይዞ ነው። ያየን ሰው ልጁን የሚመራ አባት ይመስለዋል፤ የእኛ ግን የተገላቢጦሽ ነበር። የእኔ አማርኛም ቢሆን አንካሳ ነበር። የጎደለኝን ቃል በዓረብኛ እየሞላሁ ሳወራ አባዬ ሆዱን ይዞ ይስቅብኝ ነበር።

አባዬ ኮምቦልቻ ሳለ የከባድ መኪና ሹፌርም መካኒክም ነበር። ካርቱም ግን ቋንቋ የሌለውን ሰው ማን መሪ ያስይዘዋል? ሁለት ዓመት አርካዊት የሚባል ሰፈር ውስጥ ሲሚንቶ ሲሸከም ከረመ። በኋላ እማዬ የምትሠራበት ቤት ጌታ፣ እኛ ሐጂ የምንላቸው ሽማግሌ፣ ሹፌራቸው ጥሏቸው ሲሄድ ለሙከራ ወሰዱት። ሐጂ በዕድሜ እኔን የምትበልጥ ላንድክሩዘር ነበረቻቸው፤ ወደ እርሻቸው በአሸዋ መንገድ የምታደርሳቸው እሷ ብቻ ናት። ችግሯ ፍሬን ሲያዝ ወደ ግራ መጎተቷ ነው። ሦስት ጋራዥ ገብታ ሳትድን ወጥታለች። አባዬ በእኔ አፍ «እኔ እሠራታለሁ» አላቸው። ሐጂም ጢማቸውን እያሻሹ «ከሠራሃት ቋሚ ሹፌሬ ነህ፤ ኢቃማህንም አወጣልሃለሁ። ካልሆነ ግን ሌላ ሰው እፈልጋለሁ» አሉ። ኢቃማ የመኖሪያ ፈቃድ ነው። እሱን የያዘ ሰው ፖሊስ ሲያይ መንገድ አይቀይርም። አባዬ ሁልጊዜ ይቀይር ነበር።

ጎማውን ፈትቶ ካሊፐሩን፣ የፍሬኑን መያዣ፣ ሲያወርድ አጠገቡ ቁጢጥ ብዬ ነበር። በቀኝም በግራም አራት አራት ፒስተን አላት፤ ፍሬን ሲረገጥ ወጥተው ጎማውን የሚያቆመውን ሸራ የሚገፉ። ዝገት በልቷቸው ፊታቸው ፈንጣጣ የወጣበት ሰው ፊት መስሏል። ዙሪያቸውን የሚያቅፋቸው የጎማ ቀለበት፣ ጎሚኒ የሚሉትም፣ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ጎሚኒው ዘይት እንዳይፈስ ብቻ አይደለም፣ አለኝ አባዬ፤ እግርሽን ከፔዳሉ ስታነሺ ፒስተኑን ትንሽ ወደ ኋላ የሚመልሰው እሱ ነው። ብዙም አልገባኝም፤ እንደ ትልቅ ሰው ስላጫወተኝ ብቻ ደስ አለኝ። አንዱን አሮጌ ፒስተን በመሐረብ ጠቅልሎ ኪሱ ከተተና ወደ መለዋወጫ ሱቆቹ ሄድን።

የገባንበት ሱቅ ጠባብ ነበር፤ አዲስ ጎማና ናፍጣ ይሸታል፤ ማራገቢያው አቧራውን ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው ያመላልሳል። ባለሱቁ ጀላቢያ የለበሰ፣ ቀልድ የሚወድ ወፍራም ሰው ነው። ቀልዱን የሚስቁለት ሦስት ደንበኞች ሻይ ይዘው ተቀምጠዋል። ሦስት ዓይነት ፒስተን ደረደረልን። አንዱ አስሊ፣ ዋናው ማለት ነው፤ እሱን አቅማችን አይነካውም። ሁለተኛው ቲጃሪ የሚሉት፣ አስመስለው የሠሩት፤ እንደ መስታወት ያብረቀርቃል። ሦስተኛው ከተፈታታ መኪና የወጣ አሮጌ አስሊ። ሰውዬው ቲጃሪውን ገፋ አደረገልን፤ እኔም የሚያብረቀርቀውን ወደድኩ።

አባዬ ግን አሮጌውን ከመሐረቡ አውጥቶ ጎን ለጎን አቆማቸው። ቁመታቸውን አስተያየ፣ ዙሪያቸውን በክር ለካ። ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ እያንዳንዱን በአውራ ጣቱ ጥፍር ዳሰሰው። ጥፍሩ የተያዘበትን ይመልሳል። ቲጃሪው ላይ ሦስት ቦታ ተያዘ። ከአሮጌዎቹ አስሊዎች ግን አንድ ካርቶን ሙሉ ፈትሾ ስምንት ንጹሕ ፒስተን ለቀመ። ጎሚኒ አሮጌ አይገዛም ብሎ አዲስ አስሊ አስወጣ፤ እየሳበ፣ ጠርዙ እኩል መሆኑን እያየ፣ እንደ ሎሚ እያሸተተ መረጠ። ይህ ሁሉ አንድ ሰዓት ፈጀ። እኔ በኩራት ደረቴን ነፍቼ ቆሜያለሁ፤ የባለሱቁ ትዕግሥት ግን ተሟጧል።

ዕቃውን ሲጠቀልል ወደ እኔ ዞረና ሁሉም እንዲሰማው ጮክ ብሎ «ስሚ ያ ቢት፣ አንቺ ልጅ፣ ለአባትሽ ንገሪው። ጎሚኒውን ሲገጥም ግሪስ እንዳያስነካው፤ በፍሬን ዘይት ብቻ ነው የሚያርሰው። እናንተ ሐበሾች ያገኛችሁትን ሁሉ መቀባት ትወዳላችሁ። ይሄ መኪና ነው፣ ቅቤ የሚለቀለቅ የሚስቱ ፀጉር አይደለም በይው!» አለ። ሱቁ በሳቅ ተሞላ።

እማዬ ጁምዓ ጁምዓ ፀጉሬን ቅቤ ትቀባኝ ነበር። በዚያ ሽታ ምክንያት ትምህርት ቤት ብቻዬን ነበር የምቀመጠው። አባዬ የሚስቁትን ሰዎች እያየ፣ እሱም አብሯቸው ሊስቅ ተዘጋጅቶ «ምን አለ ሐዩ?» ይለኛል። ምክሩን ከስድቡ ለይቶ ማውጣት ለአሥር ዓመት ልጅ እንዴት ይሆንላታል? ለእኔ ሁሉም አንድ ላይ የተላቆጠ ቆሻሻ ነበር። «አላህ ይባርክላችሁ ነው የሚለው» አልኩት። አባዬ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለና «ሹክረን፣ ሹክረን» አለ። ሰዎቹ ይበልጥ ሳቁ። ያን ሳቅ እስካሁን እጠላዋለሁ።

ጁምዓ ዕለት ሐጂ ግቢ፣ የኒም ዛፉ ጥላ ሥር ሥራውን ጀመረ። ፒስተኖቹን በንጹሕ ጨርቅ ወለወለ፤ ጎሚኒዎቹን በተራ በተራ ደረደረ፤ ከዚያ «ያቺን የግሪስ ጣሳ አቀብይኝ» አለኝ። አባዬ የሚያውቀው የከባድ መኪናን የአየር ፍሬን ነው። እዚያ ጎሚኒ ግሪስ ይቀባል፤ ስለዚህ ልማዱ ነበር። የባለሱቁ ድምፅ ጆሮዬ ላይ ጮኸብኝ። ጣሳውን ይዤ ቆምኩ። አሁን ብናገር፣ ያኔ ለምን አልነገርሽኝም ይለኛል። ለምን እንደሆነ ለማስረዳት ደግሞ የእማዬን ፀጉር ማንሳት አለብኝ። «ምነው ፈዘዝሽ?» አለኝ። ሰጠሁት።

ሳምንት ያህል መኪናዋ ፍሬን ሲያዝ ቀጥ ብላ ቆመች። ሐጂ «ማሻአላህ» አሉ፤ ለኢቃማው ፎቶ ተነሣ ብለውም አዘዙት። አባዬ ነጭ ሸሚዝ ተውሶ ተነሣ። ፎቶው ሳይታጠብ ነው ነገሩ የሆነው። ግሪስ የፍሬን ጎሚኒን እንደሚያሳብጥ የተረዳሁት ካደግኩ በኋላ ነው። ያበጠው ጎሚኒ ፒስተኑን አልመልስም አለ፤ ፍሬኑ እንደተያዘ ቀረ፤ ጋለ፤ ዘይቱ ፈላ። አባዬ ሐጂን ይዞ ከወንዙ ማዶ ወዳለው ባሕሪ የሚወስደውን ድልድይ ሲወርድ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ሰመጠና ላንድክሩዘሯ ከፊቷ የነበረ ሚኒባስ ውስጥ ገባች። የሞተ ሰው የለም። ሐጂ ግን ግንባራቸው ተሰንጥቆ ጀላቢያቸው በደም ራሰ። መኪናዋን ሌላ ጋራዥ ወሰዷት፤ አባዬን አጠገቧ አላስደረሱትም፤ ምን እንደተገኘባትም የነገረው የለም። እማዬም በዚያው ሰበብ ከሥራዋ ወጣች።

አባዬ ወደ ሲሚንቶው ተመለሰ። የጎረቤት መኪና ተበላሽቶ ሲጠሩት «እጄ አይታመንም» እያለ ይመልሳቸው ነበር። ምሳ እየበላን ቆም ይልና «ስምንቱንም ለክቻለሁ እኮ። አንዱ አምልጦኝ ይሆን?» ይላል። እማዬ «ተወው በቃ፣ ብላ» ትለዋለች። እኔ ሳህኑን አያለሁ። አንድ ቀን፣ አሥራ አራት ዓመት ሆኖኝ መሰለኝ፣ ድንገት ዞር ብሎ «ሐዩ፣ ያ ባለሱቅ ያን ቀን ብዙ ነው ያወራው። ምርቃት እንዲያ ይረዝማል እንዴ?» አለኝ። «ሱዳኖች ሲመርቁ ያረዝማሉ፣ አባዬ» አልኩት። እውነትም ያረዝማሉ። አመነኝ። የመጀመሪያው ውሸት የልጅ ውሸት ነበር፤ ለሁለተኛው ግን ሰበብ የለኝም።

ከብዙ ዓመታት በኋላ ካርቱም ላይ ጦርነቱ ሲመጣ ከጀሪፍ አልወጣንም፤ የምንሄድበት አልነበረንም። እማዬ ከዚያ በፊት አርፋለች። የመለዋወጫ ሱቆቹ ተዘርፈው፣ ተቃጥለው በራቸው ብቻ ቀረ ሲሉ ሰማን። አባዬን ኩላሊቱ የጣለው በዚያ መሃል ነው። ክሊኒኩ ዝግ፣ መድኃኒት የለ፤ እቤት አስተኝቼ የማደርግለት ውሃ ማጠጣት ብቻ ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ ኩባያውን ከአፉ ሳነሳ ሳላስበው ወጣኝ። ግሪሱን፣ ፀጉሩን፣ ሳቁን፣ ጣሳውን ይዤ መቆሜን፣ ሁሉንም እያለቀስኩ ነገርኩት። እንዲሰድበኝ ጠበቅኩ። ቢሰድበኝ ይቀለኝ ነበር። እሱ ግን «ስለዚህ ፒስተኖቹ ልክ ነበሩ?» አለኝ።

«ልክ ነበሩ አባዬ። ስምንቱም።»

«ብያለሁ እኮ» አለ።

ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ቀን ኖረ። በእነዚያ ቀናት ሊጠይቁት ለመጡት ጎረቤቶች ሁሉ፣ መኪና ላላቸውም ለሌላቸውም፣ የፍሬን ፒስተን በጥፍር እንዴት እንደሚመረጥ ሲያስረዳ ሰነበተ። በድካም ዓይኑ እየተከደነ እንኳ አውራ ጣቱን ያሳያቸው ነበር።

ዛሬ እዚሁ ካርቱም ለሐበሻ ሴቶች አስተረጉማለሁ። የተባለውን ሁሉ፣ ስድቡንም ሳልቀንስ አቀብላቸዋለሁ። «ምን ክፉ አፍ ነው ያላት» ይሉኛል፤ ይበሉኝ። ልጅ ሳለሁ አባዬን ከአንድ ሱቅ ሙሉ ሳቅ ያዳንኩት መስሎኝ ነበር። ካርቱም ውስጥ መካኒክ ሆኖ የኖረው ዘጠኝ ቀን ብቻ ነው። ከዚያ በፊት የነበሩትን ሃያ ምናምን ዓመታት የወሰድኩበት እኔ ነኝ።