ውሃ ሲነካው የሚሸት ዘቢብ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለሚስቴም ቢሆን። ለንስሐ አባቴ እንዳልናገር የበደልሁት እሳቸውኑ ነው። ስለዚህ አንተ የማላውቅህ አንባቢ ስማኝ፤ ልታዝንልኝ ካሰብህ ግን ማንበብህን እዚሁ ላይ አቁም።

የንስሐ አባቴ የነበሩት ቄስ ከቁስቋም ወረድ ብሎ ባለው ሰፈራችን፣ ስሟን በማልጠራት ደብር ቀዳሽ ነበሩ። እኔ ዩኒቨርሲቲ አስተምራለሁ። አንድ ጓደኛዬ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የወይን እርሻ እየዞርን፣ ወይን እየቀመስን እረፍታችንን እንድናሳልፍ ጋበዘኝ። ጊዜው ዐቢይ ጾም ነበር። ቄሱ ወሬውን ሰምተው ኖሮ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሚስቴና ጎረቤቱ ሁሉ በቆመበት፣ “ምነው ልጄ፣ በሁዳዴ ለመጠጥ አገር ታቋርጣለህ? የእኛ አገር ጠላ አነሰህ?” አሉኝ። ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ውስጤ ግን አረረ። ወዲያው ለስለስ ብለው፣ “መሄድህ ካልቀረ ለቅዳሴ የሚሆን ሸጋ ዘቢብ አምጣልን” አሉኝ።

ሄድሁ። በየእርሻው ወይኑን ቀምሰን የምንተፋበት ባልዲ አቀረቡልን። የቀረበለትን የሚተፋ ጎንደሬ አይቼ አላውቅም፤ እኔ ሁሉንም ዋጥሁት። ያ የሰው ሳቅ ግን አልዋጥልህ አለኝ። በመጨረሻው እርሻ ሱቅ ውስጥ ሻጯ ሁለት ዓይነት ዘቢብ አሳየችኝ። አንደኛው ፀሐይ ላይ ብቻ የደረቀ ነው። ሌላው ጠንካራ የወይን ጠጅ ውስጥ ተዘፍዝፎ እንደገና የደረቀ ነው፤ “ሽታው የሚወጣው ውሃ ሲነካው ነው” አለችኝ። እኔ ደጀ ሰላም ያደግሁ ሰው ነኝ። የቁርባን ዘቢብ ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፎ እንደሚጨመቅ፣ የሚያሰክር ነገር በአጠገቡ እንደማያልፍ አውቃለሁ። እያወቅሁ ሁለተኛውን ገዛሁ። እኔ ነኝ የገዛሁት። አልተሳሳትሁም፤ አልሰከርሁምም።

ምን ፈልጌ? በሰው ፊት እንዳሳፈሩኝ በሰው ፊት እንዲያፍሩ። ይኸው ነው፣ ከዚህ የተሻለ ምክንያት የለኝም። ግማሹን አስቀርቼ ግማሹን ስሰጣቸው ግንባሬን በመስቀላቸው ባርከው ረጅም ምርቃት መረቁኝ። እኔም አሜን አልሁ።

በእሑዱ ቅዳሴ፣ ቁርባኑ በሚሰናዳበት ቤተ ልሔም ውስጥ ውሃ ሲያስነኩት ሸተተ። ዲያቆናቱ ደነገጡ። ከሌላ ደብር ዘቢብ እስኪመጣ ቅዳሴው ዘገየ፤ ቄሱ በዘቢብ ፈንታ የግሮሰሪ ወይን ጨመሩ ተባለ። ያሰብሁት ሆነልኝ። እዚህ ላይ ባቆም ኖሮ ክፉ ቀልድ ተብሎ ይታለፍ ነበር። ግን አቆምሁ?

የደብሩ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ጠሩኝ። ቄሱ ወደ እኔ እየጠቆሙ፣ “ዘቢቡን ያመጣው ይኸው፤ ጠይቁት። ልጄ፣ ተናገር እንጂ” አሉ። ዓይን ዓይናቸውን እያየሁ፣ “እኔ የሰጠኋቸው ንጹሕ ዘቢብ ነው። ከዚያ በኋላ ምን እንደጨመሩበት አላውቅም” አልሁ። ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር ሰው ይዋሻል ብሎ ማን ይጠርጥር? እሳቸው በእጃቸው የያዙትን መስቀል ወደ ኪሳቸው መለሱት።

ከመቅደስ አገዷቸው። ሌላ ሥራ አያውቁም፤ ዕድሜያቸውን የጨረሱት እዚያው መቅደስ ውስጥ ነው። አሁን እሑድ እሑድ ጥምጥማቸውን እንደጠመጠሙ ከእኛ ጋር ውጭ ቆመው ያስቀድሳሉ፤ ካህናቱ ከውስጥ ሲያዜሙ የእሳቸው ከንፈር ይንቀሳቀሳል። ሚስቴ፣ “እኒህን የመሰሉ ሰው መጠጥ ያዋርዳቸው!” ብላ ቤታችንን ጠበል መርጨታቸውን አስቀረች፣ ሌላ የንስሐ አባትም ያዝን። እኔም ደግ አደረግሽ አልኋት። ደግ አደረግሽ! ምላሴ አልተሳሰረም።

ለአዲሱ የንስሐ አባታችን ያልነገርሁት፣ ሂድና ሽማግሌዎቹ ፊት እውነቱን ተናገር እንደሚሉኝ ስለማውቅ ነው። አንተን የመረጥሁህ አንተ እንዲህ ብለህ ልታዘኝ ስለማትችል ነው። ይቅር በለኝ አልልህም፤ አንተን ምን አደረግሁህ?

ያስቀረሁት ዘቢብ እስከ ዛሬ ቁም ሣጥኔ ውስጥ አለ። እዚያው ሽማግሌዎቹ ፊት ውሃ ባስነካው ሁሉም ያሸቱት ነበር፤ ቄሱም ወደ መቅደሳቸው ይመለሱ ነበር። ደብሩ ከቤቴ በር ይታያል። አልሄድሁም።