ኢንጂነሩ የነደፉት ሐዲድ

ሰፈሩ ሁሉ «ኢንጂነር» ይላቸዋል። ባለሱቁ ይላቸዋል፣ ፀጉር አስተካካዩ ይላቸዋል፣ ባለቤታቸው እንኳ ሲናደዱ ይሏቸዋል። እውነቱን እንናገር ከተባለ ግን ኢንጂነር አልነበሩም። በባቡር መሥሪያ ቤት የንድፍ ክፍል ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ተቀምጠው፣ ሌሎች የነደፉትን በስስ ወረቀት ላይ ሲገለብጡ የኖሩ ሰው ናቸው። እርግጥ እጃቸው እጅ ነበር፤ የሳቡት መስመር የፀጉር ያህል አይዛነፍም። በእያንዳንዱ ንድፍ የታችኛው ጥግ ላይ ሦስት ትንንሽ ሣጥኖች አሉ፤ የነደፈው፣ የገለበጠው፣ ያጸደቀው። የእሳቸው ስም በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ከመካከለኛው ሣጥን ወጥቶ አያውቅም። አንድ ቀን አንድ ጎረቤት «ኢንጂነር» ብሎ ሲጠራቸው ዝም አሉ። ሌላው ሲደግመው ማረሙ አሳፈራቸው። ከዚያ ወዲያማ ማን ያርመዋል?

ጡረታ ሲወጡ የሥራ ባልደረቦቻቸው አዋጥተው በኤሌክትሪክ የሚሄድ ትንሽ ባቡር ሸለሟቸው። ትንሽ ስላልኩ የልጅ መጫወቻ እንዳይመስላችሁ። የሚጎትተው ራሱ ብቻውን ከስንዝር የሚረዝም፣ ስድስት ፉርጎ የሚጎትት፣ እንደ ልብ የሚተጣጠፍ ሐዲድ ያለው ጉድ ነው። ማስቀመጫ ደግሞ አልጠፋም፤ ልጃቸው አግብታ ስትወጣ ክፍሏ ባዶ ቀርቷል። ሦስት ሜትር በሁለት ከአርባ፣ አንድ መስኮት፣ ወደ ውስጥ የሚከፈት በር። ባለቤታቸው የስፌት መኪናቸውን ሊያስገቡበት ዓይናቸውን ጥለውበት ነበር።

«አንተ ሰው፣ ሠላሳ ዓመት ባቡር ሲጮህብህ ኖረህ አልጠገብክም?» አሉ፤ ብለውም ለቀቁላቸው።

ኢንጂነሩ ንድፉን ሲጀምሩ ክፍሉን አልለኩም፤ ባቡሩንም አልለኩም። መጀመሪያ ያደረጉት፣ በዕድሜያቸው ከገለበጡት ሁሉ የሚወዱትን የአንድ ትልቅ ጣቢያ ንድፍ ከሣጥን ማውጣት ነው። ከዚያ ያንን ጣቢያ እንዳለ፣ ከነመጋዘኑ፣ ከነቅርንጫፍ መስመሩ፣ ከነመታጠፊያው፣ ክፍሉ ውስጥ እስኪገባ ድረስ አሳነሱት። ገልባጭ የሚያውቀው ይህንኑ ነው፤ ሁሉንም እኩል ማሳነስ። መታጠፊያውም አብሮ አነሰ፣ ጠበበም። ከካርቶን የወጣው ባቡር ግን ለማንም ብሎ አያንስም። ይህ በጭራሽ አልታያቸውም። የታያቸው የጥጉ ሣጥን ነው። «የነደፈው» በሚለው ውስጥ፣ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ፣ የራሳቸውን ስም ጻፉ። ቆመው አዩት፤ ራቅ ብለው አዩት፤ ባለቤታቸውንም ጠርተው አሳዩ።

ሐዲዱ የሚዘረጋበትን ጠረጴዛ የሚሠራው የልጃቸው ባል ነው። አናጢ ነው። ልጃቸው እሱን ላግባ ባለች ጊዜ ኢንጂነሩ ሁለት ወር አኩርፈዋል፤ ከኢንጂነር ቤት ለአናጢ! በሠርጉም ዕለት የሙሽራውን ወገን ሲያስተዋውቋቸው ከአንገት በላይ ፈገግ እያሉ ራሳቸውን ነቀነቁ እንጂ አንድም አልሰሙ። ዘጠኝ ዓመት አለፈ። ዛሬም «አናጢው መጣ?» ነው የሚሉት።

አናጢው ንድፉን ተቀብሎ ብዙ አየው። ጣቱን መታጠፊያው ላይ አሳረፈ።

«አባባ፣ ይቺ ቦታ አልጠበበችም? ባቡሩ ረጅም ነው እኮ።»

«አንተ የምትቆርጠው የተሠመረውን ነው፤ አስተያየት አልጠየቅኩህም» አሉት። እሱም እሺ ብሎ የተሠመረውን ቆረጠ። እንዴት አድርጎ ቆረጠው! ጠረጴዛው ላይ ውሃ ቢፈስ ወዴት እንደሚሄድ የሚቸገር ይመስል ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ባለሱቁ፣ ፀጉር አስተካካዩና ጡረተኛው መምህር ተጋበዙ። ኢንጂነሩ ደረታቸውን ነፍተው ማብሪያውን ተጫኑ። ባቡሩ ከጣቢያው ወጣ፣ አፏጨ፣ ሰዎቹ አጨበጨቡ፣ መታጠፊያው ጋ ደረሰና በጎኑ ተኛ። ፉርጎዎቹም ተከትለውት ተኙ። አንሥተው መለሱት፤ ወደቀ። ቀስ አድርገው ነዱት፤ ቀስ ብሎ ወደቀ።

«ኢንጂነር፣ አናጢው ጉድ ሠራዎት!» አለ ፀጉር አስተካካዩ። ሁሉም ሳቁ።

አሁን አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ልባቸውም ያውቃል፤ ያቺ መታጠፊያ ላይ ያረፈችው ጣት ፊታቸው ላይ ድቅን ብላለች። እሳቸው ግን ዓይናቸውን በጨው አጥበው፣

«እንጨቱን አጣሞት ነው። የቤት ሰው ሲሠራልህ እንዲህ ነው፤ ምን ታደርገዋለህ» አሉ።

ዞር ሲሉ አናጢው በሩ ላይ ለስላሳ የጫነ ትሪ ይዞ ቆሟል። ከኋላው ሚስቱ አለች። ትሪውን መስኮቱ ጋ አስቀመጠና «ይቅርታ አባባ፣ አስተካክለዋለሁ» አለ። ልጃቸው ግን ወደ ውስጥ ገባች። አባቷን አየቻቸው፣ ብርጭቆ አንሥታ ለመምህሩ ሰጠች፣ ደግማ አላየቻቸውም።

እንግዶቹ ሲሄዱ ኢንጂነሩ ባቡሩን ወደ ካርቶኑ ሲመልሱ ከሥሩ አንድ የታጠፈ ወረቀት አገኙ። ከመሐል እስከ ሐዲዱ አርባ አምስት ሳንቲ ሜትር የማይሞላ መታጠፊያ ላይ ይህ ባቡር አይሄድም ይላል። ሜትር አምጥተው የራሳቸውን መታጠፊያ ለኩ። ሃያ ስድስት። ወረቀቱንም እንደነበረው አጥፈው ካርቶኑ ሥር መለሱት። ይህን ያደረገው የገዛ እጃቸው መሆኑን እስከ ዛሬ ለማመን ይቸግራቸዋል።

አናጢው ሰኞ ከሥራ መልስ መጥቶ ጣውላውን ላገ። ወደቀ። ማክሰኞ እግሮቹን በአዲስ እንጨት ለወጠ። ወደቀ። ኢንጂነሩ አጠገቡ ቆመው «እስቲ ደግሞ ሞክር» ይላሉ። ሐሙስ ዕለት ባለቤታቸው ከገበያ ተመልሰው ዘንቢላቸውን ሳያስቀምጡ፣

«መምህሩ የመጽሐፍ መደርደሪያውን ለሌላ አናጢ ሰጠው አሉ» አሉ። «ያማቱን ያጣመመ የኔን ያቃናል ወይ ብሎ። ልጅህ ስታለቅስ ነው ያገኘኋት።»

ምሳቸውን ትተው ተነሡ። ኮታቸውን ደርበው፣ ያንን ወረቀት ኪሳቸው ከተው፣ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን ረግጠውት ወደማያውቁት የአናጢው የእንጨት ሥራ ቤት ሄዱ። ባለሱቁ «እንደምን ዋሉ ኢንጂነር!» ሲላቸው የሰደባቸው ያህል አንገታቸውን ደፍተው አለፉ።

አናጢው ሲያያቸው ደንግጦ መቀመጫ በክንዱ ጠረገላቸው። አልተቀመጡም። ወረቀቱን ሰጡት።

«እንጨቱ አልተጣመመም። ያጠበብኩት እኔ ነኝ።»

እሱ ወረቀቱን ሳይዘረጋ፣

«አውቃለሁ አባባ» አለ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ንድፉን የሰጡኝ ቀን።»

«ታዲያ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ለምን ዝም አልክ?»

«እንግዶችዎ ነበሩ» አለ።

መሬት ተከፍታ ብትውጣቸው በወደዱ። ዓይናቸውን የሚያሳርፉበት ሲያጡ ግድግዳው ላይ የተደገፈ የጣውላ ቁራጭ አዩ። በአናጢ እርሳስ የተሣለ ክፍል ነው፤ ሦስት ሜትር በሁለት ከአርባ። ሐዲዱ መሐል ላይ ሳይሆን አራቱን ግድግዳ ይዞ በጠባብ መደርደሪያ ላይ ይዞራል፤ ማዕዘኖቹ ሰፊ ናቸው፤ በሩ ጋ ሲደርስ ተነሥታ የምትታጠፍ ትንሽ ድልድይ አለች። መሐሉ ባዶ ነው። እዚያ ደግሞ «የእማማ ስፌት መኪና» የሚል ተጽፏል።

«ይሄ መቼ ተሣለ?»

«ያኔውኑ ነው። ላሳይዎት ፈርቼ ነው።»

ኢንጂነሩ ኮታቸውን አወለቁ። ወረቀት፣ ማስመሪያና ብዕር ጠየቁ፤ እንጨት መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ተደፍተው ያንን የጣውላ ሥዕል መስመር በመስመር ገለበጡት። እጃቸው እንደ ድሮው ነው።

«ይዤው መምህሩ ቤት እሄዳለሁ» አሉ ቀና ሳይሉ። «ባለሱቁም ፀጉር አስተካካዩም ጋ እሄዳለሁ። ጥጉን ያንብቡት።»

ሦስቱን ሣጥን ሠሩ። በመካከለኛው፣ በቦታው፣ የራሳቸውን ስም ጻፉ። «የነደፈው» ወደሚለው ተሻግረው የአናጢውን ስም በቆንጆ ፊደል አሰፈሩ። ከጎኑ የአባቱን ስም ሊያስከትሉ ብዕሩን አነሡ፤ እጃቸው አየር ላይ ቀረ። አሰቡ። የሠርጉን ቀን አሰቡ፣ የጥሪ ወረቀቱን አሰቡ። የለም።

«የአባትህ ስም...» አሉ። «ማን ነበር ያልከኝ?»

ነግሯቸው አያውቅም፤ ጠይቀውት አያውቁም። አናጢው ወደ ሥራው ተመልሶ የያዘውን መጋዝ አስቀመጠ። ለማያውቀው የቢሮ ጸሐፊ እንደሚያስመዘግብ ሰው፣ ቀስ አድርጎ፣ በትሕትና ነገራቸው። ኢንጂነሩ ጻፉት፤ ቀለሙ እስኪደርቅም ድረስ ፊታቸውን ከወረቀቱ ላይ አላነሡም።