ይሞላል ነው ያለችው

የእግር ጉዞ ክበብ የሚባል ነገር ዓይኑን ላፈር ካልኩ ቆይቻለሁ። ይኼን የምለው መቱ ከተማ ውስጥ ለእነዚሁ የክበብ ተማሪዎች የፕላስቲክ ቦቲ፣ የዝናብ ልብስና የናይለን ገመድ እየሸጥኩ ነው። በየዓመቱ ይመጣሉ። አረንጓዴ ቲሸርት ለብሰው፣ ደረታቸው ላይ «ተፈጥሮ ትጠራናለች» የሚል ጽሑፍ ይዘው፣ እየተገፋፉ ይገባሉ። ተፈጥሮ ማንንም አትጠራም። ጠርታቸው ቢሆን እንኳ ጫካው ውስጥ ሲደርሱ የሚሠሩት ሥራ ስፒከር ከፍተው ጉሬዛዎቹን ማስደንበር ነው። እኔ ግን ነጋዴ ነኝ፤ የእግራቸውን ቁጥር ጠይቄ ቦቲውን አወርድላቸዋለሁ።

እኔም አንድ ጊዜ የዚያ ክበብ አባል ነበርኩ። ያኔ ጂኦግራፊ እማር ነበር። አስተማሪ መሆን ነበር የምፈልገው፤ ጠመኔ ይዤ ካርታ ፊት መቆም፣ ሌላ ምንም። እናቴ ቀደም ብላ ስለሞተች ያሳደገኝ አባቴ ነው። ይኼንኑ ሱቅ የሚነግድ፣ ሶላቱን የማያጓድል፣ ከሰው ጋር ክፉ ደግ የማይነጋገር ሰው ነው። ኮሌጅ እንድገባ የፈቀደውም ከስንት ልመና በኋላ ነው።

አንድ ቀን ክፍል ውስጥ ከደብረ ብርሃን የመጣች ልጅ ስለ ሶር ፏፏቴ ስታወራ አፌን ከፍቼ ሰማኋት። እሷ አይታዋለች። እኔ የመቱዋ ልጅ አላየሁትም። የማውቀው ከሱቅ ትምህርት ቤት፣ ከትምህርት ቤት ሱቅ ያለውን መንገድ ነው፤ ጎሬን እንኳ ያየሁት ለሠርግ ተወስጄ ነው። ቤታችን ደጃፍ ያለውን ውሃ የሰው አገር ሰው ሲነግረኝ በጣም አፈርኩ። ክበቡ ውስጥ የገባሁት በዚህ እልህ ነው።

አባቴን ለማስፈቀድ ያልሆንኩት ነገር የለም። በመጨረሻ ሚዛኑን እየወለወለ፣ ሳያየኝ፣ «ጀንበር ጠልቃ መግሪብ ከማለቱ በፊት እዚህ በር ላይ ላግኝሽ» አለኝ። «ውጭ ያደርሽ ቀን ግን ትምህርቱም አበቃ። ከዚያ ወዲያ ክፍልሽ ይኼ ሱቅ ነው።» አባቴ በእንዲህ ያለ ነገር አይቀልድም። እሺ አልኩ። ይኼንኑ ቃል በቃል ሄጄ ለክበቡ ፕሬዝዳንት ነገርኩት።

ፕሬዝዳንቱ ከሸዋ በኩል የመጣ፣ ሲናገር እጁን የሚያወናጭፍ መለሎ ልጅ ነበር። ኦሮምኛ የተማረው በመጽሐፍ፣ በሰዋስው ነው፤ ስለዚህ እኛን የኢሉባቦር ልጆችን በየደቂቃው ያርመናል። እኛ ቤት የሚነገረው አማርኛ ነው። ከደጅ ከወጣን ግን ገበያው፣ ጎረቤቱ፣ ስድቡም ምርቃቱም ኦሮምኛ ነው፤ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ከአንዱ ወደ ሌላው እንዘላለን፣ ማንም ልብ አይለውም። እሱ ልብ ይለዋል። «ድብልቅልቅ» ይለዋል፣ አፍንጫውን እየነፋ።

«አታስቢ፣ በጊዜ እመልስሻለሁ፤ በእኔ ይሁንብሽ» አለኝ። ከዚያ የምግብ ኮሚቴ አደረገኝ። በዚያ ክበብ ውስጥ ሴት ሁሉ የምግብ ኮሚቴ ናት። ወንዶቹ የአቅጣጫ ኮሚቴ፣ የገመድ ኮሚቴ፣ የፎቶ ኮሚቴ ናቸው። ዳቦውንና ውሃውን ተሸክመን ዳገት የምንወጣው እኛ፣ ዳገቱ ጫፍ ላይ እጁን ዘርግቶ ፎቶ የሚነሳው እሱ።

ቅዳሜ ጠዋት ወጣን። መኪናው ጭቃው ሲያቅተው ወርደን በቡናው መሐል በእግር ገባን። አልዋሽም፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ከላይ ትልልቆቹ ዛፎች፣ ከሥር ቡናው፣ መሬቱ ለስላሳ፤ ያጠናሁት ሁሉ በእግሬ ሥር ያለ መስሎኝ እየሳቅሁ ነበር የምሄደው። ከፏፏቴው በፊት አንድ መለስተኛ ወንዝ አለ፤ ከድንጋይ ድንጋይ እየረገጡ የሚሻገሩት ነው። ዳሩ ላይ ስንደርስ ማገዶ የተሸከመች ሴት ከማዶ ተሻግራ መጣች። ሸክሟን ሳታወርድ ወደ ላይ፣ ተራራው አናት ላይ ወደጠቆረው ሰማይ በአገጯ አሳየችንና «ለግኒ ሂን ጉታ፣ ኢጆሌ» ብላን አለፈች።

ወንዙ ይሞላል፣ ልጆች፤ ያለችው ይኼን ነው። ችግሩ «ሂን» የምትለዋ ቃል ናት። በሌላው አካባቢ ኦሮምኛ «ሂን» ከመጣ ነገሩ ፈርሷል፣ አይደለም ማለት ነው። በእኛ በኩል ግን ለአዎንታውም ለአሉታውም «ሂን» እንላለን፤ የሚለየው የቃሉ መጨረሻ ነው። «ሂን ጉታ» ይሞላል፤ «ሂን ጉቱ» አይሞላም። ይኼን መቱ ውስጥ ጡት የጣለ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል።

ፕሬዝዳንቱ «አይሞላም አለች! እንሻገር!» ብሎ እጁን አወናጨፈ።

«ይሞላል ነው ያለችው» አልኩ።

«‹ሂን› ማፍረሻ ነው።»

«እዚህ አገር አይደለም። አይሞላም ማለት ብትፈልግ ‹ሂን ጉቱ› ትል ነበር።»

«የገጠር ሰው የግሥ መጨረሻ አይጠነቅቅም። እሷ ናት የተሳሳተችው» አለኝ። በእናቷ ቋንቋ፣ በመንደሯ ወንዝ ላይ ተሳሳተች!

«እንግዲያው እንጥራትና እንጠይቃት፤ ገና አልራቀችም» አልኩት።

«አንቺ የምግብ ኮሚቴ አይደለሽ? አቅጣጫውን ለእኛ ተይልን» አለ። ሁሉም ሳቁ፤ ያቺ የደብረ ብርሃኗ ልጅ እንኳ ሳቀች። ብቻዬን ልመለስ ብል መንገዱን አላውቀውም። «እዚሁ ጠብቁኝ» ብል የሚጠብቀኝ የለም። እየሰደብኩት ተሻገርኩ፤ ስድቤን በኦሮምኛ አደረግሁት፣ በእኛው በድብልቅልቁ፣ እንዳያርመኝ።

ፏፏቴውን አየሁት። ያምራል። ስለ ውበቱ አልጽፍም፤ ለእሱ ቲሸርት የለበሱት አሉለት። ዳቦውን ቆርሰን ሳንጨርስ ዝናቡ መጣ፤ ወደ ወንዙ ስንመለስ የረገጥናቸው ድንጋዮች የሉም። ደፍርሶ የቀላ ውሃ ግንድ ይዞ እየጮኸ ያልፋል። የገመድ ኮሚቴው ገመዱን ከቦርሳው አወጣና ውሃውን አየ፣ ገመዱን አየ፣ መልሶ ከተተው። ፕሬዝዳንቱ «ትንሽ ቆይቶ ይጎድላል» አለ። አልጎደለም። የስልክ ኔትወርክ የለም። እኔ ከውሃው ይልቅ ብርሃኑን ነበር የማየው፤ ቅጠሉ ላይ እየቀነሰ ሲሄድ፣ መግሪብ ሲቃረብ፣ አባቴ በሩ ላይ ሲወጣ ይታየኝ ነበር።

በቀረንበት ማዶ ያለ አንድ ገበሬ ቤቱ አስገባን። እኛ ሴቶቹ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር፣ ወንዶቹ በሌላው ወገን ከከብቶቹ አጠገብ አደርን። ሲዘፍኑ ይሰማኝ ነበር። እነሱ ለዕድሜ ልክ የሚያወሩት ጨዋታ እየሰበሰቡ ነው፤ እኔ ጠመኔዬ ከእጄ ሲወድቅ እያየሁ ነው። የደብረ ብርሃኗ ልጅ «ምን ያስለቅስሻል? አንድ ሌሊት እኮ ነው» አለችኝ። ለእሷ አንድ ሌሊት ነው።

በማግስቱ ስገባ አባቴ ሱቁ በር ላይ ቆሞ ነበር። ማታ መናኸሪያ ወጥቶ መኪና ሁሉ እስኪያልቅ ሲጠብቀኝ አምሽቷል። አልጮኸብኝም፣ እጁንም አላነሳም። «ደህና ነሽ?» አለኝ። ደህና ነኝ አልኩ። «አልሐምዱሊላህ። በይ እጅሽን ታጠቢና ስኳሩን መዝኚ፤ ሰው ቆሟል» አለኝ። ትምህርቴ ያለቀው በዚህች ንግግር ነው። ላስረዳው ስሞክር ሚዛኑን ወደ እኔ ገፋው።

በሳምንቱ ፕሬዝዳንቱን ሰው ልኬ አስጠራሁት። የለመንኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መጥቶ ለአባቴ «እኔ ነኝ ያሻገርኳት፤ ወንዝ ሞልቶ ነው፤ ያደረችውም ከሴቶች ጋር ነው» እንዲልልኝ። «በእኔ ይሁንብሽ ብለህ የለም እንዴ?» አልኩት። መሬት መሬት እያየ «ነገሩ ይብረድ። አሁን ከተናገርኩ ክበቡ ይዘጋል» አለኝ። ጠበቅሁ። ነገሩ በረደ፤ እሱም ተመረቀ። ክበቡ «ምርጥ መሪ» ብሎ ሲሸልመው ማይክራፎኑ እስከ ሱቃችን ይሰማ ነበር፤ እኔ ምስር እየለቀምኩ ነበር።

ጠላሁት። የምሬን ነው፣ ሰው ሌላውን ሰው ሊጠላ የሚችለውን ያህል ጠላሁት። ያቺን አንዲት ዓረፍተ ነገር ቢናገር ኖሮ እያልኩ ስኳር መዘንኩ፣ ጨው መዘንኩ፣ የሰው ልጅ ዩኒፎርም ለብሶ ደብተር ሊገዛኝ ሲመጣ እያየሁ መዘንኩ። የታጩልኝን ሰዎች ሁሉ፣ በሁሉም ላይ የእሱን ፊት እያየሁ፣ መለስኳቸው። ጥላቻ ሆድ ይቆርጣል ይላሉ እንጂ እኔን ጠዋት ጠዋት ሱቅ የሚያስከፍተኝ እሱ ነበር።

በቅርቡ መጣ። የድሮ አባላት በዓል አለ ተብሎ፣ ቦርጩ ላይ የተወጠረ አረንጓዴ ቲሸርት ለብሶ፣ የዘንድሮዎቹን ተማሪዎች አስከትሎ ሱቄ ገባ። እጁን አሁንም ያወናጭፋል። አባቴ አርጅቶ ከባንኮኒው ጀርባ ወንበሩ ላይ ሆኖ የሙስበሃውን ዶቃዎች እየቆጠረ ይገፋል። ሰውየው «እህቴ፣ ጠንካራ የዝናብ ልብስ አውርጂልኝ» አለኝ። አላወቀኝም። እኔ ስፈልግ እሱ ወደ ተማሪዎቹ ዞሮ ጨዋታውን ጀመረ፤ «በእኛ ጊዜ አንዲት የገጠር ሴትዮ ‹ወንዙ አይሞላም› ብላ አሳስታን ማዶ አደርን! እንዴት ያለ ሌሊት መሰላችሁ!» ተማሪዎቹ ሳቁ።

«ይሞላል ነው ያለችው» አልኩ።

ሰውየው ዞረ። አተኩሮ አየኝና ፊቱ በራ። «እንዴ! የምግብ ኮሚቴ!» አለኝ። ስሜን አያውቀውም።

የዝናብ ልብሱን ባንኮኒው ላይ አድርጌ እጄን ጫንኩበት። «አባቴ ያውና። ያኔ ያላልከውን አሁን በለው፤ ከዚያ ትወስዳለህ።»

እንቢ ይላል ብዬ ነበር፤ ለጠብ ተዘጋጅቼ ነበር። እሱ እቴ! ፈገግ ብሎ ወደ አባቴ ጎንበስ አለና «ጋሼ፣ አንድ ነገር ይቅር ይበሉኝ» አለ። «ያን ጊዜ ልጅዎን ያስቀረኋት እኔ ነኝ። አትሻገሩ ብላን ነበር፣ አልሰማኋትም። ወንዝ ሞልቶ ነው፤ ያደረችውም ከቤቱ እመቤት ጋር ነው።» ይኸው ነው። ስንት ዘመን የጠበቅኩት ነገር ከአንድ ትንፋሽ አላለፈም።

አባቴ ሙስበሃውን ሳያቆም «አውቃለሁ፣ ልጄ። አላህ ይስጥልኝ» አለው።

የዝናብ ልብሱን ይዞ፣ ከተማሪዎቹ ጋር እየተሳሳቀ ወጣ። ወደ አባቴ ዞርኩ።

«አባዬ፣ ምኑን ነው የምታውቀው?»

«ወንዝ መሙላቱን ነዋ» አለኝ። «ያን ዕለት ማታ መናኸሪያ ስጠብቅሽ ከዚያ በኩል የመጣ ሰው ነገረኝ። ያስጠጋችሁ ገበሬ ከማዶ ተጣርቶ ነግሮት፣ ተማሪዎቹ ማዶ ቀርተዋል፣ ሴቶቹን የቤቱ እመቤት ይዛቸዋለች አለኝ። ተመስገን ብዬ ገብቼ ተኛሁ።»

«ያኔውኑ ታውቅ ነበር?»

«እኔማ አውቅ ነበር። ከተማው ነው የማያውቀው፤ ለእሱ ውጭ አድረሻል።»

ከባንኮኒው ወጥቼ ፊቱ ቆምኩ። በአባቴ ላይ ጮኼ አላውቅም፣ ያን ቀን ጮኽኩ። «ከተማው ማን ነው? ስም ጥራልኝ! ማን ነው ከተማው?»

አባቴ ሙስበሃውን አቆመ። ተንኮል የሌለበት ሰው ስለሆነ በእውነት አሰበልኝ። አንዱን ሊጠራ አፉን ከፈተና «እሱስ ሞተ፣ አላህ ይዘንለት» አለ። ሌላ አሰበ። «እነሱም ጅማ ገቡ» አለ። ከዚያ ወዲያ ብዙ አሰበ፣ ወደ መንገዱ አየ፣ የሚጠራው ሰው አጣ።

መግሪብ ሲል የሶላት ምንጣፉን አነጠፍኩለት። በማግስቱም ሱቁን እኔው ከፈትኩት።