ግማሽ ብርድ ልብስ

ትናንት ፒያሳ፣ አንድ ሱቅ መስኮት ላይ ያን ስዕል አየሁት። ፈረሰኛው ሰይፉን መዟል፤ ከፈረሱ እግር ሥር እርቃኑን የቀረ ሰው አለ።

ልጅ ሆኜ ሳል ቢጠናብኝ አባቴ ከአምባ ጊዮርጊስ ጎንደር አወረደኝ፣ ከካቶሊክ መነኮሳት ክሊኒክ። ወሩ ኅዳር ነው፤ ውርጩ አይጣል ነበር። ስዕሉ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ስዕል ከቅዱስ ፈረስ ሥር የሚወድቅ ክፉ ብቻ ነውና አባቴ በጥርጣሬ አየው።

«ይኸ ሰውዬ ምን በድሎ ነው የሚሰይፈው?»

የምታክመኝ መነኩሲት ሳቀች። «አያ፣ ድሃ እኮ ነው። ቅዱስ ማርቲን ካባውን ለሁለት ቆርጦ ግማሹን ሊያለብሰው ነው። ዛሬ በዓሉ ነው።» ይህን ብላ አዲስ ብርድ ልብስ ደረበችልኝ። የበግ ጠጉር ይሸታል፤ ሙቀቱ አጥንቴ ድረስ ገባ። አባቴ ግን አንገቴን ዳሰሰ፣ ማተቤ እንዳለ ሊያይ።

«ምነው ታዲያ ሙሉውን አልሰጠውም?»

«እሱንም ይበርደዋላ።»

አባቴ ካራውን መዘዘ። ብርድ ልብሱን ከላዬ ገፎ መሀል ለመሀል ቆረጠው፤ ግማሹን መለሰላት።

«ቅዱስሽ የሰጠው ይኸን ታህል ነው፣ እመይቴ። ከዚያ አስበልጦ የሚሰጥ ሰው በምላሹ የሚፈልገው ነገር አለ።»

ብርዱ እስኪያልፍ ድረስ እግሬ ከግማሹ ብርድ ልብስ ውጭ ያድር ነበር። አባቴ ልክ ይሁን አይሁን ዛሬም አላውቅም።

ትናንት መስታወቱን ተጠግቼ ደህና አድርጌ አየሁ። የቅዱሱም ጨርቅ የድሃው እግር ድረስ አይደርስም።